1.5፣ 2.5፣ 4 ወይስ 6? ለቤታችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስትመርጡ

እናቴ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ማድ ቤቱን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ጠቁሮ ቀልጧል። ፈትተን ከኋላው ያለውን ሽቦ ስናየው ሽፋኑ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ያለበት ብሬከር ነው። አልጣለም።

ነገሩን ስናጣራ ምክንያቱ ተገኘ። ቀደም ብሎ ብሬከሩ "እየጣለ አስቸገረን" ተብሎ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ ነበር። ባለሙያው የ16 አምፔሩን ብሬከር አውልቆ የ32 ገጠመ። ከዚያ በኋላ መጣሉን ተወ፣ ሁሉም ደስ አለው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ያው የድሮው ባለ 2.5 ነው። በዚያው መስመር ላይ ምጣዱ አለ፣ የውሃ ማፍያው አለ፣ ካውያውም ይሰካበታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲበሩ ከ30 አምፔር በላይ ይስባሉ። ብሬከሩ ይህን ችግር አድርጎ አያየውም። ሽቦው ግን ይጋገራል።

ከዚያ ወዲህ ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ሰው ካገኘሁ መጀመሪያ የምጠይቀው "ለምጣዱ ስንት ቁጥር ሽቦ ነው የምታስቡት?" ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው መልስ የለውም። ስለ ሴራሚኩ ቀለም አንድ ወር ያሰበ ሰው የሽቦውን ቁጥር "ኤሌክትሪሺያኑ ያውቃል" ብሎ ያልፈዋል። ሴራሚክ ግን ባይወደድ ይነሣል። ልስን ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ግድግዳ ሳይፈርስ ሁልጊዜ አይወጣም።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

"ባለ 2.5" ሲባል ሽቦው 2.5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል ማለት አይደለም። ሽቦውን ቆርጣችሁ አፉን ብታዩት፣ የዚያች ክብ ስፋት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ድርቅ ያለውን፣ ባለ አንድ ክሩን ሽቦ በካሊፐር ብትለኩት ዳር እስከ ዳር 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ "ሸወዱኝ" ብሎ ከባለ ሱቅ ጋር የተጣላ ሰው አውቃለሁ። ባለ 1.5 ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ወደ 2.3፣ ባለ 6 ደግሞ ወደ 2.8 ይደርሳል። ስለዚህ በዓይን ሲታዩ ልዩነታቸው ትንሽ ይመስላል። ሥራቸው ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው ማወቅ ያለባችሁ ቁጥር አምፔር ነው፤ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የከረንት መጠን ማለት ነው። አገራችን ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው። የዕቃውን ዋት ለ220 አካፍሉት፣ የሚስበውን አምፔር ታገኛላችሁ። 2000 ዋት የሚል የውሃ ማፍያ 9 አምፔር ይስባል። 1500 ዋት የሚል ካውያ ወደ 7። 3800 ዋት የሚል ምጣድ ከ17 ትንሽ ይበልጣል። ዋቱ ዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ላይ ተጽፏል። ወደ ሽቦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጽፋችሁ ያዙ።

አሁን ሽቦው የሚችለውን እንይ። በግድግዳ ውስጥ በቱቦ የሚሄድ፣ ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ፣ አካባቢው 30 ዲግሪ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ የሚሰጠው ይህን ነው። ባለ 1.5 እስከ 17.5 አምፔር፣ ባለ 2.5 እስከ 24፣ ባለ 4 እስከ 32፣ ባለ 6 እስከ 41፣ ባለ 10 እስከ 57፣ ባለ 16 እስከ 76። እነዚህ የመጨረሻ ጣሪያ ናቸው። በዚያ መጠን ሲሠራ የሽቦው ሽፋን 70 ዲግሪ ይደርሳል። ተራው ፕላስቲክ ሳይበላሽ ለዓመታት የሚችለው እስከዚያ ብቻ ነው። ብሬከሩ ሁልጊዜ ከዚህ ቁጥር በታች መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙቀቱ ከከረንቱ ጋር እኩል አያድግም። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። "ትንሽ ቢበልጥ ምን ይሆናል?" የሚለው ሐሳብ ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው።

ባለ 1.5 ወይስ ባለ 2.5? ለመብራትና ለተራ ሶኬት

ይህ ቀላል ነው፣ ብዙ አላቆያችሁም። ለመብራት 1.5 ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር። ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 20 ብትሰቅሉ ድምሩ 180 ዋት ነው፣ 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። መብራት ላይ 2.5 መሳብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለሶኬት 2.5 ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር። አንዳንድ ሰው ሶኬቱንም በ1.5 ይስባል፣ "ቴሌቪዥንና ቻርጀር ብቻ ነው የምሰካው" እያለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሶኬት ላይ ነገ ምን እንደሚሰካ የሚያውቅ የለም። ተከራይ ይገባል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ይመጣል፣ በዲቫይደር አራት ነገር ይሰካል። ሶኬቱ 16 አምፔር ነው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከኋላው ያለውም ሽቦ ለዚያ የሚመጥን ይሁን።

ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን በአንድ መስመር ማድረግ ይቻላል። ማድ ቤቱን ግን ለብቻው አውጡት። ፍሪጅ፣ የውሃ ማፍያና ጁስ መፍጫ ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ ብሬከር ከሆኑ ቡና ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል።

ባለ 2.5 ወይስ ባለ 4? የምጣዱ ጥያቄ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ከውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ስለ ኦቨንና ስለ ልብስ ማድረቂያ ያወራሉ። የእኛን ቤት ሽቦ የሚፈትነው ግን ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ነው። ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። የውሃ ማፍያ ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል። ምጣድ ግን አንድ ቡሃቃ ሊጥ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያርፍ ይስባል። ሽቦ የሚጎዳው እንዲህ ያለ ረጅም ጭነት ሲበዛበት ነው። ለመጋል ጊዜ ያገኛል፣ ለመብረድ ግን ጊዜ የለውም።

ባለ 2.5 በወረቀት ላይ 24 አምፔር ይችላል። ታዲያ 17 ለምን ያስጨንቀናል? ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ብሬከሩ ነው። በባለ 2.5 ላይ የተለመደው ብሬከር 16 አምፔር ነው። ምጣዱ ከ17 በላይ ይስባል። ብሬከሩ ወዲያው ላይጥል ይችላል፣ ምክንያቱም ትንሽ ብልጫን ለረጅም ጊዜ ይታገሣል። ግን ይሞቃል፣ አንዳንዴ በጋገራው መሐል ይጥላል። ያን ጊዜ ነው ሰው ተሰላችቶ ትልቅ ብሬከር የሚያስገባው። እናቴ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሽቦው ብቻውን አለመሄዱ ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት መስመር አብረው ከሄዱ አንዱ ሌላውን ያሞቃል፤ የሚችሉት መጠን ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ከሆኑ ወደ 70 በመቶ። የባለ 2.5 ሽቦ 24 አምፔር በሦስት መስመር መሐል 17 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ምጣዱ በትክክል እዚያ ጫፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው የቦታው ሙቀት ነው። 30 ዲግሪ ብለን የጀመርነው ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን ምቹ ነው። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ላሉት ግን አይሠራም። አካባቢው 40 ዲግሪ ሲሆን የሽቦው አቅም ወደ 87 በመቶ ይወርዳል። 50 ሲደርስ 71 በመቶ ይሆናል። "እኛ ደጋ ነን" የምትሉም ብትሆኑ ኮርኒሳችሁን አስቡት። በቆርቆሮው ጣሪያና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር በጸሐይ ቀን ከውጭው አየር በጣም ይበልጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በዚያው ነው።

ስለዚህ ለምጣድ የእኔ ምርጫ ባለ 4 ነው፣ የራሱ የሆነ መስመር፣ ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር። ምጣዱ ትልቅ ከሆነ 25ም ያስኬዳል። በመስመሩ ላይ ሌላ ምንም ነገር አይቀጠልም። አንድ ሶኬት እንኳ።

"ዋጋው ይወደዳል" ለሚለኝ ሰው ሒሳቡን ላሳይ። ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ማድ ቤት 15 ሜትር ቢሆን ፌዝ (ከረንቱን የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (የሚመልሰው) እና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው) ተደምሮ 45 ሜትር ሽቦ ነው። በባለ 2.5 እና በባለ 4 መካከል ያለው ልዩነት 600 ግራም ገደማ መዳብ ነው። የምትከፍሉት ጭማሪ የዚያን ያህል ነው። የቀለጠ ሶኬት፣ የተፈለፈለ ግድግዳና እንደገና የሚለሰን ልስን ከዚያ በላይ ያስወጣል። እሳት ከመጣ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ሽቦውን በባለ 4 ስባችሁ ጫፉ ላይ ተራ ሶኬት ብትገጥሙ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። የተለመደው ክብ ሶኬት 16 አምፔር ድረስ ነው። ለሁለት ሰዓት 17 እና 18 ሲጫንበት መሐሉ ይሞቃል፣ መያዣው ይላላል፣ የላላ ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። ምጣድ ባለ 32 አምፔር ኢንዱስትሪያል ሶኬት ይፈልጋል። ወይም ሽቦው ቀጥታ በወፍራም ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ይገጠምለት። ከምጣዱ ወደ ግድግዳ የሚመጣው ገመድም አይዘንጋ። ሙቀት የሚችል፣ ከ2.5 የማያንስ ይሁን፤ የጋለውን አካል አይንካ።

ኧርዙም ከፌዙ እኩል ባለ 4 ይሁን። የምጣዱ አካል ብረት ነው። የምትጋግረው እናት እጇ በሊጥ የራሰ ነው፣ ወለሉም ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። ፌዙ ከብረቱ ጋር ቢገናኝ ከረንቱ በኧርዙ በኩል ሄዶ ብሬከሩን ማስጣል አለበት። ኧርዝ ከሌለ መንገዱ በሴትየዋ በኩል ነው። በዚህ መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል ማፈትለክ ሲያይ የሚቆርጥ መከላከያ ቢጨመርበት እጅግ እመክራለሁ። ከብሬከር ውድ ነው፣ ግን ሰውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው።

ባለ 4 ወይስ ባለ 6? ሻወርና ርቀት

የሻወር ውሃ ማሞቂያ ሁለት ዓይነት አለ፣ ሽቦውም ይለያያል። በርሜል ያለው ቦይለር ከ1500 እስከ 2000 ዋት ነው። ቀስ እያለ ስለሚያሞቅ 2.5 ከ16 ብሬከር ጋር፣ ለብቻው ሆኖ፣ ይበቃዋል። በቅጽበት የሚያሞቀው ትንሹ ሻወር ሂተር ግን ስሙ ትንሽ ቢሆንም ከ3500 እስከ 5500 ዋት ይጠጣል። 5500 ዋት 25 አምፔር ነው። ለዚህ ባለ 6 ከ32 ብሬከር ጋር ሳቡ። 3500 ለሚለው ባለ 4 ይበቃል። እኔ ብሆን ግን ሻወር ቤት ሁሉ ባለ 6 እስባለሁ። ምክንያቱም ሂተሩ ሲበላሽ የሚገዛው አዲሱ ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል።

ሌላው ወደ ባለ 6 የሚገፋው ርቀት ነው። ግቢያችን ውስጥ ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተለይቶ ከሰርቪስ ቤቶቹ ጋር ኋላ ላይ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ 40 ሜትር ይርቃል እንበል። ምጣዱ 17 አምፔር ሲስብ፣ ሽቦው በሞቀበት ሰዓት፣ በባለ 2.5 መንገድ ላይ ወደ 12 ቮልት ይጠፋል። በባለ 4 ከ7 ትንሽ ይበልጣል። በባለ 6 ወደ 5 ይወርዳል።

12 ቮልት ከ220 ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ከመቶ አምስት ነጥብ ምናምን ነው። የምጣዱ ኃይል ግን ቮልቱ በመቶ አምስት ሲቀንስ በመቶ አሥር ገደማ ይቀንሳል። የሰፈሩ መስመር ምሽት ላይ ራሱ ደካማ ከሆነ ይደመርበታል። "ምጣዱ አልግል አለኝ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ" የሚባለው ሁሌም የሪዚስታንሱ ጥፋት አይደለም። አንዳንዴ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው። ያ የቀረውም ኃይል ቆጣሪው ላይ ይቆጠራል፣ ይከፈልበታል።

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። እስከ 20 ሜትር ድረስ ለምጣድ ባለ 4። ከዚያ በላይ ባለ 6። ብሬከሩ ግን ሽቦው ስለወፈረ አያድግም፣ እዚያው 20 ወይም 25 ላይ ይቆያል። በመሬት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ሽፋን ብቻ ያለውን የቤት ውስጥ ሽቦ አትቅበሩ። ድርብ ሽፋን ያለው ኬብል ይሁን፣ በቱቦ ይግባ፣ አካፋ የማይደርስበት ጥልቀት ይኑረው።

ባለ 10 እና ከዚያ በላይ

ከቆጣሪው እስከ ብሬከር ሳጥኑ ያለው ዋና መስመር የሁሉንም ጭነት ይሸከማል። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቭና የውሃ ማፍያ ሁሉም አንድ ላይ ቢበሩ ከ10 ኪሎ ዋት በላይ ነው፣ ወደ 47 አምፔር። ሁሉም በአንዴ የሚበሩበት ቀን ጥቂት ነው። ግን ዋዜማ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ለዋናው መስመር ባለ 10 ዝቅተኛው ነው እላለሁ። ቆጣሪው አጥር ላይ ሆኖ ቤቱ ራቅ ካለ ባለ 16።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው እየታየ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን ከሳሎን ሶኬት በዲቫይደር አውጥቶ ሌሊቱን በሙሉ ይሞላል። ምጣድ ሁለት ሰዓት ነው፣ መኪና ስምንት ሰዓት ነው። ሁሉም ተኝቷል፣ ሽታ የሚሰማ የለም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አብሮ የመጣው ትንሹ ቻርጀር 10 ወይም 16 አምፔር ቢሆን እንኳ የራሱ ባለ 4 መስመር ይሳብለት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይወስዳል። ባለ 6 አጭር ርቀት ላይ ይችለዋል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ነገር ባለ 10 እና 40 አምፔር ብሬከር እመርጣለሁ። መኪናም ምጣድም ሂተርም ካለ በአንድ ፌዝ ቆጣሪ መጨናነቁን ትታችሁ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሦስት ፌዝ ጥያቄ ብታቀርቡ ይሻላል። ያው 10 ኪሎ ዋት በሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ፌዝ ላይ 15 አምፔር ብቻ ነው።

ብሬከሩ ለሽቦው ነው

ሰው ብሬከርን ለዕቃው ይመርጣል። "ምጣዱ ትልቅ ነው፣ ትልቅ ብሬከር ስጠኝ" ይላል። መንገዱ ግን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ሽቦውን ይወስናል። ከዚያ ሽቦው ብሬከሩን ይወስናል። 1.5 ሽቦ 10፣ 2.5 ሽቦ 16፣ 4 ሽቦ 20 ወይም 25፣ 6 ሽቦ 32፣ 10 ሽቦ 40 ወይም 50። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ የብሬከር ሳጥኑ ክዳን ላይ ከውስጥ ለጥፉት።

32 የሚል ብሬከር በ33 አምፔር ወዲያው አይጥልም። እስከ 36 ድረስ ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ዝም ሊል ይፈቀድለታል። የባለ 2.5 ጣሪያ 24 መሆኑን አስታውሱ። በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ሽቦው ብቻውን የሚቃጠልበት ክፍተት ነው። ስለዚህ ብሬከር ደጋግሞ ከጣለ "ትልቅ ቀይርልኝ" ከማለታችሁ በፊት በዚያ መስመር ላይ ምን ምን እንደተሰካ ቁጠሩ።

መዳብ ወይስ መዳብ ቅብ?

ትክክለኛውን ቁጥር መርጣችሁ የተሳሳተ ሽቦ ልትገዙ ትችላላችሁ። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ሽቦ አለ። ጥቅሉ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል። ችግሩ ከረንት የማስተላለፍ ብቃቱ የንጹሕ መዳብን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። "ባለ 2.5" ቢባልም ሥራው እንደ ባለ 1.6 መዳብ ነው። በዚያ ላይ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ብሎን ሥር ሲጠብቅ ቀስ በቀስ ይላላል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ጫፉን በቢላ ፋቁት። ንጹሕ መዳብ እስከ ውስጥ ቀይ ነው፤ ቅቡ ነጭ ይወጣዋል። ከሁሉ የማምነው ግን ሚዛን ነው። 100 ሜትር ባለ 2.5 ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 2.2 ኪሎ ገደማ ነው። ሽፋኑ ሲጨመር ጥቅሉ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 4 ላይ መዳቡ ብቻ 3.5 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ጥቅል ባለ 2.5 አንሥታችሁ እንደ ላባ ከቀለለ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ መዳቡ ቀጥኗል፣ ወይ አልሙኒየም ነው። ሦስቱም አይገዛም። መርካቶ ሚዛን አይጠፋም፣ ጠይቁ። ሽፋኑ ላይም ቁጥሩና 450/750 ቮልት የሚለው በየሜትሩ መታተም አለበት።

ንጹሕ አልሙኒየም ሌላ ነገር ነው። ከፖል ወደ ቤት ለሚመጣው መስመር በሰፊው ያገለግላል፣ ለዚያ ጥሩ ነው። ግድግዳ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ድርቅ ያለው ሽቦና ለስላሳው ባለ ብዙ ክር የሚሸከሙት እኩል ነው። ለስላሳው በታጠፈ ቱቦ ውስጥ ቶሎ ይሳባል። ጫፉ ግን ብሎን ሥር ሲገባ ክሮቹ ይበተናሉ፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ የምትጨመቅ ትንሽ ቀለበት ይፈልጋል። ባለሙያችሁ ያን የማያደርግ ከሆነ ድርቁን ግዙ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ አንድ ቃል። አሜሪካ ሆናችሁ አዲስ አበባ ላይ ቤት የምታሠሩ ብዙ ናችሁ። እዚያ የምታውቁት "12 ቁጥር ሽቦ" 3.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ "14 ቁጥር" ደግሞ 2.1። ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል፣ ከእኛ ተቃራኒ ነው። ቮልቱም 120 ስለሆነ ያው ዋት ያለው ዕቃ ወደ እጥፍ የሚጠጋ አምፔር ይስባል። ስለዚህ የዚያን ምክር በስልክ ለኤሌክትሪሺያኑ አታስተላልፉ። ዋቱን ብቻ ንገሩትና ሽቦውን በካሬ ሚሊ ሜትር ይጻፍላችሁ።

ልስን ከመምጣቱ በፊት

ቤቱ ገና ከሆነ ሽቦው ከመሳቡ በፊት ቱቦውን እዩ። ለምጣድና ለሻወር መስመሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቱቦ ይኑራቸው፣ ሰፋ ያለ። ቱቦው ጠባብ ከሆነ ኋላ ባለ 4ን አውጥቶ ባለ 6 ማስገባት አይቻልም። ከብሬከር ሳጥኑ እስከ መኪና ማቆሚያው ደግሞ ዛሬ መኪና ባይኖራችሁም አንድ ባዶ ቱቦ አስቀብሩ፣ ውስጡ መሳቢያ ገመድ አስገብታችሁ ሁለቱን ጫፍ በክዳን ዝጉት። ቅጥያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ፣ በመያዣ ይሁን፤ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ግድግዳ ውስጥ አይፈቀድለትም በሉ።

ከዚያ ልሳኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየክፍሉ ዞራችሁ ግድግዳውን በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሜትሩን ዘርግታችሁ ከወለሉና ከማዕዘኑ ያለው ርቀት ፎቶው ውስጥ እንዲታይ አድርጉ። ነገ ቁም ሣጥን ልትሰቅሉ ግድግዳውን ስትበሱ፣ የምጣዱ ባለ 4 የት ጋ እንደሚያልፍ የምታውቁት ከዚያ ፎቶ ነው።